ስምንተኛው መላጫ

ወንድ ልጅ አንድ ነገር ከወደደ ምክንያቱን አትጠይቁት፤ ሲደረድርላችሁ ወጡ ይቀዘቅዛል። አንዱ በቅሎ ይወዳል፣ አንዱ ክስ። የእኔ ባለቤት የሚወደው መላጫ ነው። ምላጩን አይደለም፣ ምላጭማ በየሱቁ ሞልቷል። ምላጩ የሚገባበትን፣ ከነሐስ የተሠራውን፣ እጀታውን ሲያዞሩት አናቱ እንደ መስኮት ግራና ቀኝ የሚከፈተውን ነው የምላችሁ። ቡና ሊገዛ ዲላ የመጣ ፈረንጅ ሻንጣውን ሲያሰናዳ፣ የሞያሌ መንገድ ሾፌር ምሳ ሊበላ ሲቆም፣ ደምሴ ካጠገባቸው አይጠፋም። የኮቱ ክርን ተበልቶ ሳለ የበግ ዋጋ ከፍሎ አንድ መላጫ ታቅፎ ይገባል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰባት አደረሳቸው።

አሁን ደግሞ አገጩን ላሳያችሁ። ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

ቢሆንም በየማለዳው ውሃ ያስሞቃል፣ ሳሙናውን በብሩሽ ይመታል፣ እስከ ዓይኑ ድረስ አረፋ ይለብሳል። መጀመሪያ ሰሞን እስቅበት ነበር። በኋላ ግን አሳዘነኝ። አውራጃው ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ የሰው ማመልከቻ ሲገለብጥ የሚውል ጸሐፊ፣ በቀን አንድ ጊዜ የራሱ የሆነ የሚያምር ነገር በእጁ ቢይዝ ምን ይፈረድበታል?

ስምንተኛውን የገዛው ከሸምሱ ነው። ሸምሱ ገበያው ዳር ባለሱቅ ነው፤ ደምሴ ከሥራ ሲወጣ እሱ ደጃፍ ባለችው አግዳሚ ላይ ሳይቀመጥ ቤቱ አይገባም። ይኼኛው መላጫ ነሐስ ሆኖ የወርቅ ውሃ የተቀባ ነው። ደምሴ ሊላጭበት ሳስቶ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠው።

ከዚያ ለሥራ ሦስት ቀን ቡሌ ወጣ። እኔም ላስደስተው ብዬ (እዚህ ላይ ልቤን እመኑልኝ) ከሁሉ የሚሳሳለትን አውጥቼ በአመድና በሎሚ እፈትገው ጀመር። እናቴ የነሐስ ሰሐን የምታጸዳው እንደዚያ ነበር፤ ሌላ መንገድ ያሳየኝ የለም። አንዱ ጎኑ ገረጣብኝ። ቆሻሻ መስሎኝ ጨመርኩበት። የገረጣው እየሰፋ ሲሄድ ወርቁን እየላጥኩት መሆኑ ገባኝ። ያን ጊዜ ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? እንዳያስታውቅ ብዬ የቀረውንም ፈተግኩት!

አጥቤ፣ አድርቄ፣ በጨርቁ ጠቅልዬ ቦታው መለስኩት።

ደምሴ ተመልሶ ሲገልጠው ፊቱ አመድ መሰለ። «ሳልነካው ለቀቀ!» አለ። በገበያ ቀን፣ ሰው ግጥም ባለበት፣ ሸምሱ ሱቅ ሄዶ መላጫውን ባንኮኒው ላይ ጣለው። እኔ ዘንቢሌን ይዤ ከኋላው ቆሜአለሁ።

«አንተ አታላይ! ወርቅ ነው ብለህ ቀለም ትሸጥልኛለህ?»

ሸምሱ መላጫውን አንሥቶ አገላበጠው። እጀታውን ወደ ብርሃን አዙሮ ትንሽ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«ጋሼ ደምሴ፣ ገንዘብዎን ልመልስልዎ» አለ በቀስታ።

ደምሴ ገንዘቡን አልተቀበለም፤ ሰዉ ግን ያቺን ቃል ጥፋቱን እንደ ማመን ቆጠራት። ከዚያ ወዲያ ሸምሱ ድስት ሲሸጥ «ይኼስ አይለቅም?» ነው፤ ጨርቅ ሲለካ «ይኼስ?» ነው። ወሬው ጪጩ ገበያ ደረሰ። ደምሴም መንገዱን ቀየረ። አግዳሚዋ ባዶዋን ቀረች።

እኔስ? ክብሪት እገዛ ነበር። በየሁለት ቀኑ ሸምሱ ጋ ሄጄ የማልፈልገውን ክብሪት እገዛለሁ፤ ንስሐ መሆኑ ነው። ያንን ሁሉ ክብሪት ለኩሰን ብንጨርሰው ዲላ ትነድ ነበር። እሱ ደግሞ ቡና ቁርስ የሚሆን ነገር በወረቀት ጠቅልሎ «ለልጆቹ» እያለ ይጨምርልኛል። አንድ ቀን ያ ጥቅልል እጄ ላይ ከበደኝ።

«ሸምሱ፣ እኔ ነኝ» አልኩት።

«ዐውቃለሁ፣ እትዬ» አለ። «የእጀታው ቅርጽ ውስጥ አመድ ቀርቶ ነበር። ጋሼ ደግሞ በሕይወታቸው አመድ የሚነኩ ሰው አይደሉም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ስምህ ሲጠፋ!»

«ከእኔ ጋር ቢጣሉ መንገድ ይቀይራሉ። ከእርስዎ ጋር ቢጣሉ የት ያድራሉ?»

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ደምሴ አረፋውን ለብሶ አንዱን ጉንጩን እንደ ጨረሰ ሁሉንም ነገርኩት። ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። መላጫውን አስቀመጠ፤ ፊቱን በፎጣ ጠረገ፤ ስምንተኛውን ኪሱ ከተተና ኮቱን ደረበ።

«ግማሽ ፊትህ አልተላጨም እኮ» አልኩት።

«የሰደብኩት በሰው ፊት ነው፤ ሰው ሳይበተን ልድረስ» ብሎኝ ወጣ።

ባንኮኒው ፊት ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ «ይህ ሰው አላታለለኝም፤ በአመድና በሎሚ ያበላሸነው እኛው ቤት ነው» አለ አሉ። «እኛው» ማለቱን ልብ በሉልኝ። ከዚያም አግዳሚዋ ላይ ተቀምጦ እስከ ምሳ ሰዓት ሲጫወት ዋለ። ግማሽ ፊቱ እንዳልተላጨ ከመላው ገበያ አንድ ሰው እንኳ አላወቀም።

ሲመለስ ሁለት ሎሚ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ሸምሱ ነው። ‹ለእትዬ› ብሎ ላከልሽ።»

ስቄ ሳልጨርስ እንባዬ መጣ። ደምሴም ሳቀ። ለመላጫው ሳጥን ግን ቁልፍ አሠራለት።