ለኢንተርቪው ሄጄ ለቅሶ የተቀመጥኩ ዕለት

ጓዶች፣ ስክሮል ማድረጉን አንዴ አቁሙና ስሙኝ።

እኔ በኢንተርቪዬ ቀን፣ በሕይወቴ አይቻቸው የማላውቃቸው ሴትዮ ለቅሶ ላይ ደረቴን ስደቃ ያረፈድኩ ሰው ነኝ።

አዎ፣ እኔ። ይቺ በየኮመንቱ ምክር የምትለግሳችሁ!

ያስታወሰችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ዛሬ በቪዲዮ ኢንተርቪው ነበራት። ከላይ ኮት፣ ከታች የሌሊት ሱሪ ለብሳ ተቀምጣ፣ መሀል ላይ ቻርጀር ልታመጣ ብድግ አለች። ፈታኞቹ ጥንቸል ያለበትን ሱሪ አዩት። "አክስቴ፣ ከእንግዲህ ሥራ የሚባል ነገር ስሙንም እንዳትጠሪብኝ" ብላ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታለች።

በዚህማ ብርድ ልብስ ውስጥ አይገባም አልኳት። ቁጭ በይ ልንገርሽ። እናንተም ቁጭ በሉ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ የሸዋ ሮቢት ልጅ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ኮምቦልቻ የታይፕ ትምህርት ቤት ገብቼ በሰርተፊኬት የተመረቅኩ ትኩስ ታይፒስት። ትኩስ ያልኩት ለወጉ ነው፤ ከተመረቅኩ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ማስታወቂያ በወጣበት ሁሉ አመልክቻለሁ። ካራቆሬ ድረስ ሄጄ "ቦታው ተይዟል" ተብዬ በፀሐይ ተጠብሼ ተመልሻለሁ።

ቤታችን የጽሕፈት መኪና ከየት ይምጣ? ጣቶቼ ፊደሉን እንዳይረሱት በትሪ ጀርባ ላይ እለማመዳለሁ። ታ ታ ታ ታ። እናቴ ጎረቤት ሲገባ "ኧረ ተይ፣ ልጅቷ ምን ነካት ይሉናል" ትለኝ ነበር።

ጀውሃ ላይ ደግሞ መኪና መንገድ ዳር ምግብ ቤት ያላት አክስት አለችኝ። "ሥራ ካጣች እኔ ጋ ትምጣና ሾፌሮቹን ታስተናግድልኝ" ብላ ከአባቴ ጋር ተነጋግራ ጨርሳለች። አክስቴን እወዳታለሁ። ሾፌሮቹም ምንም አላደረጉኝ። ግን እኔ ታይፒስት ነኝ!

እንዲህ ሳለሁ ደብረ ሲና ያለ አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቅርብን) ጸሐፊ እንደሚፈልግ ሰማሁ። አመለከትኩ። ለፈተና ተጠራሁ።

አባቴ ማተቡን እያሻሸ "ይቺን ሞክሪ። ይቺ ካልሆነች ሰኞ ጀውሃ ነሽ" አለኝ።

እኔም በልቤ፣ ይቺማ ትሆናለች አልኩ። ትሆናለች እንጂ ምን አባቷ!

ታይፕ ትምህርት ቤት "ጸሐፊ ማለት ጥቁር ጉርድ፣ ነጭ ሸሚዝ" ተብለን ነው ያደግነው። ጥቁር ጉርዴን ተኩሼ ለበስኩ። ሸሚዜ ስስ ናት። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ በሩ ላይ አግኝተውኝ ከላይ እስከ ታች አዩኝና "አላህ ያቅናልሽ፣ ግን በዚች ሸሚዝ ደጋ ልትወጪ ነው?" አሉኝ። ሳቅኩ። በሙቀት ምክንያት ደጅ አንጥፎ የሚተኛ የሸዋ ሮቢት ሰው ብርድ ሲባል ምን ይገባዋል? ለማንኛውም ብዬ ብቻ ነጠላዬን ያዝኩ።

ነጠላዋን ልብ በሉልኝ።

በማለዳ ሽንኩርት የጫነ መኪና ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ጋሼ ታደሰ የአባቴ ወዳጅ ናቸው፤ ወደ አዲስ አበባ እየሄዱ ነው። ደብረ ሲና ስንደርስ ገና ጠዋት ነው፣ ፈተናው ከምሳ በኋላ ነው። ታዲያ ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ?

"ጋሼ፣ ጣርማ በር ያለውን ዋሻ አይቼው አላውቅም" አልኳቸው።

"ነይ ውጪ፣ እዚያ ማዶ አወርድሻለሁ። የሚወርድ መኪና አይጠፋም።"

ሥራ ፈላጊዋ ቱሪስት ሆነች!

ዋሻው ውስጥ ገባን፣ ጨለማ ነው። ወጣን፣ ጉም ነው። ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆነሽ አገራችንን ቁልቁል ታዪዋለሽ ብለውኝ ነበር። ቆምኩ። የራሴን ጫማ እንኳ በደንብ አላየሁትም። አንድ ገብስ ቆሎ የሚሸጥ ሰው "ቆላው በየት በኩል ነው?" ብዬ ብጠይቀው በጣቱ ጉሙን አሳየኝ። አመስግኜው ጉሙን ትንሽ አየሁት።

ብርዱን ግን አገኘሁት። እናንተ፣ እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን መኖሩን ማን ነገረኝ? ጥርሴ መንቀጫቀጥ ጀመረ። ጣቶቼ፣ እነዚያ ዓመት ሙሉ በትሪ ላይ ያቆየኋቸው ጣቶቼ፣ ደነዘዙ።

የሚወርድ መኪና አገኘሁ። ጋቢናው ሞልቷል። ከኋላ፣ ከስንዴው ጆንያ ላይ ወጣሁ።

ነፋሱ ሸሚዜን አልፎ አጥንቴ ደረሰ። ነጠላዬን ተከናነብኩ፣ አልሆነም። የነጠላ ጥለት ወፈር ይላል አይደል? እሱን አዙሬ ወደ ላይ አመጣሁትና አንገቴና አገጬ ላይ ጠመጠምኩት። እፎይ። ሞቀኝ!

ያወቃችሁ አውቃችኋል። ላላወቃችሁት ልጆች ልንገር፦ ጥለቱን ወደ አንገት አዙሮ መልበስ ማዘቅዘቅ ይባላል። የሚያዘቀዝቅ ሰው የሞተበት ሰው ነው። ይህን እኔም ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ግን የበረደው ሰው ምኑን ያስባል? እኛ አገር አንገቱን በርዶት የሚያውቅ የለም፤ አንድም ቀን ለብርድ ብዬ ነጠላ አዙሬ አላውቅም።

እንግዲህ ደብረ ሲና ስወርድ ተመልከቱኝ። ጥቁር ጉርድ። የተዘቀዘቀ ነጠላ። ነፋሱ ያስለቀሰው ዓይን፣ የቀላ አፍንጫ።

ገና ሁለት እርምጃ ሳልሄድ አንዲት እንደኔው ያዘቀዘቁ ሴት መጥተው እጄን ያዙኝ።

"ከታች ነሽ ልጄ?"

"አዎ፣ ከሸዋ ሮቢት።"

"እኔን! ስንጠብቅሽ ነበር እኮ። ነይ፣ በዚህ በኩል ነው።"

እኔ ምን መሰለኝ? ደግ አገር! ተፈታኝ ከመኪና መውረጃ ድረስ የሚቀበል መሥሪያ ቤት! የደነዘዘ ሰው ጭንቅላቱም ይደነዝዛል መሰለኝ፣ ዝም ብዬ ተከተልኳቸው።

ጥጉን ስንዞር ድንኳን አየሁ። ልመለስ ስል ሴትዮዋ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "የእህቷ ልጅ ከቆላ መጣችላት!" አሉ።

ድንኳኑ በአንድ ጊዜ ተነሣ።

የሩቅ ዘመድ ሲደርስ ለቅሶ እንደ አዲስ እንደሚጀመር ታውቃላችሁ። ማን ነሽ፣ መታወቂያሽን አሳዪ የሚል የለም። አንዷ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሌላዋ "አላገኘሻትም፣ ወየው፣ አላገኘሻትም" ትለኛለች። አፌን ከፍቼ "ተሳስታችኋል" ልል ነበር። ግን ያን ሁሉ እንባ አቁሞ እንዴት ይባላል? ሁሉም አፍ አፌን እያዩ ሙሾዬን ይጠብቃሉ።

"እናቴ! ምነው ሳላይሽ!" አልኩ።

እውነቴን ነው። አይቻቸው አላውቅም!

ከዚያ በኋላ የሆነውን እስከ ዛሬ ለማንም አስረድቼ አልጨረስኩም። ማስመሰል የጀመርኩት ለቅሶ እውነተኛ ሆነብኝ። ያ ሁሉ ማመልከቻ፣ ያ ካራቆሬ፣ ያ የትሪ ጀርባ፣ የአባቴ "ሰኞ ጀውሃ ነሽ" ማለት፣ ሁሉም በአንዴ መጣ። ደረቴን ደቃሁ። ተንሰቀሰቅሁ። አንዲት እትዬ ሙላቷ የሚባሉ ሴት በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን እየጠረጉ "በቃሽ፣ በቃሽ፣ ራስሽን ትጎጂያለሽ" ይሉኛል። ሌሎቹ ሴቶች "ምን ያህል ብትወዳት ነው" ይባባላሉ።

አስቀመጡኝ። ንፍሮ ሰጡኝ። በላሁ። ምን ላድርግ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።

ንፍሮውን እያኘክኩ አጠገቤ ካለችው ልጅ ቀስ ብዬ የሟችን ነገር ጠየቅኩ። ወንዶቹ በኩል አንገታቸውን ደፍተው የተቀመጡትን ሰው በአገጯ አሳየችኝ። የሟች ልጅ ናቸው። የት ይሠራሉ ብትሉኝ፣ እኔ ለፈተና የመጣሁበት መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ! "ዛሬ ጸሐፊ ሊቀጥር ነበር፣ ፈተናውን ለኮሚቴ ትቶት ነው እዚህ የተቀመጠው" አለችኝ።

የያዝኩትን ንፍሮ መልሼ አስቀመጥኩት።

ወደ ጓሮ የምሄድ መስዬ ወጣሁ። ጥጉን እስክዞር በዝግታ፣ ከዚያ በሩጫ። የመጣሁት ለሥራ ነው፣ ሥራውን ሳልይዝ አልመለስም!

ስደርስ ተፈታኞቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ካኪ የለበሰ ቀጭን የኮሚቴ ሰብሳቢ ስም እየጠራ ነው። ስሜን ጠራ። "አለሁ" አልኩ። ደስ አለኝ።

ያኔ የሴቶች ማኅበር ተወካይ እያለከለኩ ገቡ። የኮሚቴው አባል ናቸው፤ ከለቅሶ እየመጡ ነው። ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው?

እትዬ ሙላቷ!

አዩኝ። ደነገጡ። አዘኑልኝ። "ልጄ፣ በዚህ ሐዘንሽ ምን ልትሆኚ መጣሽ? የአክስትሽ አፈር ገና ሳይደርቅ?"

ከአግዳሚው ላይ አንድ መነጽር ያደረገ ተፈታኝ እጁን አወጣ። "ጓድ ሰብሳቢ፣ የሥራ አስኪያጁ ዘመድ ከሆነች መወዳደር አትችልም።" ሌሎቹም አጉረመረሙ። ሰብሳቢው ስሜን ሊሰርዝ እስክሪብቶውን አነሣ።

አስቡት እንግዲህ። ዘመድ ነኝ ብል ሥራው ቀረ። ዘመድ አይደለሁም ብል በሰው ሬሳ የቀለድኩ፣ የሐዘንተኛ ንፍሮ የበላሁ አጭበርባሪ ነኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

ተነሣሁ።

"ዘመዳቸው አይደለሁም" አልኩ።

እትዬ ሙላቷ ፊታቸው ተለዋወጠ። "ታዲያ ያን ሁሉ ማንን ነው ያለቀስሽው?"

ነጠላዬን ከአንገቴ ላይ ፈታሁት። ብርዱን ነገርኳቸው፣ ዋሻውን፣ ጉሙን፣ ጆንያውን፣ ጥለቱን። መነጽራሙ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይታገላል። ከዚያ የሚያሳፍረውን ተናገርኩ፦ "ያለቀስኩት ራሴን ነው። ዓመት ሙሉ ሥራ ፈልጌ አጣሁ። ቤት ውስጥ ማልቀሻ ቦታ የለኝም፣ አባቴ ያዝናል። እዚያ ሁሉም ሲያለቅስ አመለጠኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ። ፈተናውን ግን ሳልፈተን አልሄድም።"

ድምፄ ይንቀጠቀጣል። ግማሹ ብርድ ነው።

እትዬ ሙላቷ የራሳቸውን ነጠላ አስተካከሉ። ከዚያ "እኔስ ማንን ያለቀስኩ መሰለሽ?" አሉ። በዚያ ዓመት ልጃቸው ዘምቶ ደብዳቤ እንዳልመጣላቸው በኋላ ነው የሰማሁት። ወደ ሰብሳቢው ዞረው "ትፈተን" አሉ።

ሰብሳቢው በቃል አላምንም ብሎ ለቅሶ ቤት መልእክተኛ ላከ። ተፈታኝ ሁሉ በእኔ ምክንያት ተገትሮ ጠበቀ። መልእክተኛው ተመለሰ።

"ሥራ አስኪያጁ ምን አሉ?"

"አላውቃትም ብለዋል። ግን ለእናቴ እንደሷ ያለቀሰላት የለም ብለዋል።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢው እንኳ ካኪው እስኪነቃነቅ ሳቀ። እኔም ከማፈሬ ብዛት ሳቅኩ።

ተራዬ ሲደርስ ጣቶቼን ብብቴ ውስጥ ከትቼ አሞቅኳቸውና የጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀመጥኩ። ከዚያ ማንንም አላየሁም፣ ማንንም አልሰማሁም። ጽፌ ስጨርስ ወረቀቱን አወጣሁና ለሰብሳቢው ሰጠሁት። አንድ ስህተት ፈልጎ አጣ።

ሰኞ ጀውሃ አልሄድኩም። ወፍራም ሹራብ ገዝቼ ደብረ ሲና ሥራ ጀመርኩ።

የሴትዮዋ አርባ ሲወጣ ተዝካሩ ላይ ተጠራሁ። የጠሩኝ እትዬ ሙላቷ ናቸው። ልቀር ፈልጌ ነበር፣ ግን ሄድኩ። ነጠላዬን በደንብ፣ አውቄ፣ አዘቅዝቄ። ከሴቶቹ መሀል ቦታ ለቀቁልኝ። ያን ቀን ያለቀስኩት ለእሳቸው ነው። ለማላውቃቸው ሴትዮ፣ ድንኳናቸው ውስጥ ላስገቡኝ።

ከሩቅ የመጡ አንድ አሮጊት አጠገቤ ተቀምጠው ፊቴን ሲመረምሩ ቆዩና "ምናቸው ነሽ ልጄ?" አሉኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። ያ ሰብሳቢ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ጠላውን ይጠጣል። ጆሮው ወደኛ ነው።

ወደ አሮጊቷ ጠጋ አልኩና፣ በጆሯቸው፣ "ዘመዳቸው ነኝ፣ ግን ቀስ ብለው ያውሩ" አልኳቸው።