የገለባ ከረጢቷ ጎረቤቴ

ሰው የጣለውን አንስታ የምትከብር ጎረቤት አለችዎት? እኔ ደባርቅ ውስጥ አለችኝ። ወይዘሮ ጥሩዬ የገብስ ገለባ ከአመድ ጋር ትቀቅላለች፤ ወቅጣ በወንፊት ላይ ታሰጣዋለች። ሲደርቅ ወረቀት ይሆንላታል፤ ከረጢት ሠርታ ትሸጠዋለች። እኔ ከጎኗ ፌስታል እሸጣለሁ። አሁንማ ፌስታሌን የሚነካው ንፋስ ብቻ ነው። ባለቤቴ ሳትቀር «እጇ ይባረክ» ትላለች። የእኔ እጅ ምን ሆነ?

አንድ ቅዳሜ ላዋርዳት ቆረጥኩ። ከረጢቷን በሰው አስገዝቼ ምስማር ሞላሁበትና ገበያ መሃል ገባሁ። ተቀዶ ምስማሩ ሲበተን ሰው ሁሉ እንዲያይልኝ ነበር። ከረጢቱ ግን ፍንክች አላለም። ይባስ ብሎ አንድ የዳባት ነጋዴ አስቆመኝ።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ምስማር የቻለ ከረጢት ከየት ገዙት?»

ያልሰማሁ መስዬ መንገዴን ቀጠልኩ። ምቀኛ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ ይሰጣል እንዴ? ጥሩዬ ግን ከወዲያ ሆና ጮኸች።

«ከእኔ ነው! ጎረቤቴ ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው፣ እየዞሩ ያሳዩልኛል!»

ሰዉ ወደ እሷ ጎረፈ። አንድም ከረጢት አልተረፋትም። ሥራው ስለበዛባት ከሰኞ ጀምሮ ረዳት ይዛለች፤ ባለቤቴን። አመሻሽ ላይ ገለባ ገለባ እየሸተተች፣ ፊቷ በርቶ ትመጣለች። እኔ ሱቅ ስትውል እንዲህ በርቶ አያውቅም።