ከጓሮ ወደ ጓሮ፣ በውጭ አገር በኩል

የአንድ አገር ሥልጣኔ የሚለካው ዜጎቹ ጓሯቸው ያለውን ነገር ለማወቅ ስንት ባሕር እንደሚሻገሩ በመቁጠር ከሆነ፣ በግብፅ፣ በአባይ ምዕራባዊ ዳርቻ ያለችው የእነ በደዊ መንደር ከሠለጠኑት ሁሉ ግንባር ቀደም ናት። ለዚህ ክብር ያበቋት የቅርስ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ኡስታዝ ሪፍዓት ናቸው። አንዲት ፍየልም ድርሻ አላት፤ ወደ እሷ እንመለሳለን።

በደዊ የተወለደው ከአንዲት ትንሽ የፈርዖን ዘመን ቤተ መቅደስ ጀርባ ነው። የእናቱ የኡም በደዊ አጥርና የቤተ መቅደሱ የኋላ ግድግዳ አንድ ናቸው። ከግድግዳው ሥር ቀዳዳ አለ፤ የቤቱ ፍየሎች ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ በዚያ እየሾለኩ ይገባሉ። ውስጥ ያለው ግንብ ከመሬት የሚወጣ ጨው ይጋገርበታል፤ ፍየሎቹም ጨዉን ይልሱታል። ከጨው ጋር ታዲያ በግንቡ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍም አብሮ ይላሳል። የላይኞቹን መስመሮች ዓለም ሁሉ አንብቧቸዋል። የመጨረሻውን መስመር ግን፣ በፍየል አፍ ትይዩ ስለሆነ፣ ማንም አላነበበውም።

በደዊ ልጅ ሳለ በቀዳዳው ይገባና መስመሩን በጣቱ ይከተለው ነበር። ያን ጊዜ ማንበብ አይችልም። በኋላ የድሮውን ፊደል ከአሮጌ መጽሐፍ ራሱን አስተማረ፤ ማንበብ ሲችል ደግሞ ትከሻው በቀዳዳው አልገባ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላው ከመስመሩ የቀረው ግማሹ ነበር። ያንን ግማሽ ሳያልቅ ማንበብ ፈለገ። ከዚህ ሌላ በዓለም ላይ የተመኘው ነገር አልነበረም።

ያን ጊዜ በቀዳዳው የምትገባውን ፍየል፣ ሚሽሚሽን፣ አሰራት፤ እናቱ ወተቷ ይነጥፋል ብላ ፈታቻት። ስለዚህ ንጹሕ ጀለቢያውን ለብሶ የቤተ መቅደሱ ቁልፍ ወዳለበት ወደ ቅርስ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ።

«ኡስታዝ፣ ለመግባት ፈቃድ ፈልጌ ነበር።»

«የት ተወለድክ?»

«እዚሁ፣ ከግድግዳው ጀርባ።»

ኡስታዝ ሪፍዓት መጥፎ ውጤት ይዞ እንደመጣ ሐኪም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ይሄማ ከባድ ነው። ከቤተ መቅደሱ በአምስት ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ የተወለደ ግለሰብ ለድንጋዩ ያለው ፍቅር የምርምሩን ሚዛን ሊያዛባ ስለሚችል እንዳይገባ ደንቡ ይከለክላል። ከውጭ አገር ዲግሪ ይዞ ከመጣ ግን ፍቅሩ እንደበረደለት ይቆጠራል።»

«ፍየሎቹስ? እነሱም እዚሁ ነው የተወለዱት።»

«ፍየሎቹ ማመልከቻ አላስገቡም። ማመልከቻ ያላስገባን አካል በምን እንከለክላለን?»

«እሺ፣ ቀዳዳው ይደፈንልኝ።»

«ቅርስን መለወጥ ወንጀል ነው። ቀዳዳውም ቅርስ ነው።»

እንዲህ ያለ አስተዋይ ሹም ችግር ብቻ አሳይቶ አይሸኝም። ኡስታዝ ሪፍዓት ራሳቸው ደብዳቤ ጽፈው፣ ራሳቸው ደጋግመው አስታውሰው፣ በደዊ ጀርመን አገር ገብቶ የእናቱን ግቢ የሚያጠናበት ነፃ የትምህርት ዕድል አስገኙለት። በሽኝቱም ቀን «ከግንቡ በራቅህ መጠን ወደ ግንቡ ትቀርባለህ» የሚል ንግግር አደረጉ። መንደሩ ምንም ሳይገባው አጨበጨበ፤ ከጎረቤቶቹ አንዱ ግን «ታዲያ ቻይና ቢሄድ አይሻልም ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

በደዊ የሄደበት ከተማ ፀሐይ በቀጠሮ የምትወጣበት ነው። የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጡት ሰዎች ቅጽ አቀረቡለት፦ «በአገርዎ ሊያጠኑት የማይችሉት ነገር ምንድን ነው?» እሱም «ከቤታችን ጀርባ ያለው ግንብ» ብሎ ጻፈ። ጸሐፊዋ አንብባ «ምክንያቱ አጥጋቢ ነው» አለችና ማኅተም መታችለት።

አስተማሪው ፕሮፌሰር ኢርምጋርድ በግንቡ ላይ ሠላሳ ዓመት የደከሙ፣ ግንቡን ግን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሴት ነበሩ። የሚሠሩት ከስድሳ ዓመት በፊት በተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ነው። በፎቶግራፉ ላይ የመጨረሻውን መስመር የሸፈነ ባለ ሁለት ቀንድ፣ ግንባሩ ላይ ነጣ ያለ ጥላ ይታያል።

«እስካሁን ያልታወቀች አምላክ ናት፣» አሉት። «ሁለት መጽሐፍ ጽፌባታለሁ። ሦስተኛውን አንተ ትጽፋለህ።»

በደዊ ፎቶግራፉን አይቶ ሳቁን ዋጠው። «ፕሮፌሰር፣ ይቺ እኮ ፍየል ናት።»

«መረጃህ?»

«የኛ ፍየል ናት። ግንባሯ ላይ ያለው ነጭ ነገር የዘር ነው፤ አሁን ያለችው ሚሽሚሽም አላት።»

«የቤተሰብ ምስክርነት በግርጌ ማስታወሻ አይጠቀስም፣» አሉ ፕሮፌሰሯ በርኅራኄ። «የአገር ናፍቆት መሆኑ ይገባኛል። ሁሉም የውጭ ተማሪ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ይለዋል።»

ዲግሪ ከሌለ ቁልፍ የለም። ስለዚህ በደዊ ስለ ፍየሏ አምላክነት አራት መቶ ገጽ ጻፈ። በየምዕራፉ መጨረሻ «ፍየልም ልትሆን ትችላለች» የሚል ዓረፍተ ነገር ሸጎጥ ያደርጋል፤ ፕሮፌሰሯም በቀይ ይሰርዙለታል። የቀረውን ጊዜ ፉል እየቀቀለ፣ የማደሪያው ጎረቤቶች ከሽታው የተነሣ በብርዱ መስኮት እየከፈቱበት፣ መስመሩ አሁን ስንት ደርሶ ይሆን እያለ ሲጨነቅ ኖረ።

በሦስተኛው ዓመት ፕሮፌሰሯ ግንቡን በዓይናቸው ሊያዩ ተነሡ። በደዊ አብሯቸው መሄድ አልቻለም፤ በትምህርቱ መሐል አገሩን የረገጠ ተማሪ ተምሮ እንደጨረሰ ይቆጠራልና። ፕሮፌሰሯ ግን ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀው ስለተወለዱ በፍቅር የሚጠረጥራቸው አልነበረም። ኡስታዝ ሪፍዓት ፈቃዱን ከሻይ ጋር ሰጧቸው።

በሳምንቱ እናቱ ደወለች።

«በደዊ፣ የኔ ዓይን፣ አንዲት ፈረንጅ እኛ ቤት አርፋለች። ያንተ አስተማሪ ነኝ ትላለች።»

«ምን ትሠራለች?»

«ትጠይቃለች። ፍየሏ ለምን ትገባለች አለችኝ። ጨው ፈልጋ አልኳት። ጻፈች። እናቷም ትገባ ነበር ወይ አለችኝ። የእናቷም እናት ትገባ ነበር አልኳት። ይሄን ጊዜ አለቀሰች።»

«እማ፣ መስመሩን አነበበችው?»

«የቱን መስመር? ቀኑን ሙሉ ፍየሏን ስታይ ነው የምትውለው።»

ፕሮፌሰር ኢርምጋርድ ተመልሰው ታላቅ ጽሑፍ አሳተሙ። ጥላዋ በርግጥ ፍየል መሆኗን አረጋገጡ፤ ነገር ግን ተራ ፍየል አልነበረችም። በጥንታዊቷ አምላክ ፊት የሚፈጸመው የመላስ ሥርዓት ሺህ ዘመናት ተሻግሮ ሳይቋረጥ በሚሽሚሽ ላይ መድረሱን ዓለም ከዚያ ጽሑፍ ተረዳ። ኡም በደዊ በጽሑፉ ውስጥ አርባ ጊዜ ተጠቅሳለች። በደዊም ዲግሪውን ለመቀበል እናቱን በግርጌ ማስታወሻ ጠቀሳት፤ በፕሮፌሰሯ በኩል ስለመጣች አሁን የቤተሰብ ምስክርነት አይደለችም።

በአምስተኛው ዓመት ዶክተር በደዊ ካፖርቱን በክንዱ ይዞ፣ ሻንጣውን እንኳ ቤት ሳያደርስ፣ በቀጥታ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ። ኡስታዝ ሪፍዓት ተነሥተው አቀፉት።

«ዶክተር! እንኳን ለዚህ አበቃህ። ፍቅሩ በረደልህ?»

«በርዶልኛል። ቁልፉን ይስጡኝ።»

«ቁልፉ ዝግጁ ነው። የቀረው የግንቡ ሊቅ ማኅተም ብቻ ነው።»

«የግንቡ ሊቅ እኔ ነኝ።»

«አንተ የፎቶግራፉ ሊቅ ነህ፣» አሉ ኡስታዝ ሪፍዓት በአክብሮት። «የግንቡ ሊቅ ወላጅ እናትህ ናቸው። ጽሑፉ እንደወጣ ነው የሾምናቸው።»

በደዊ እየሮጠ ቤቱ ደረሰ። እናቱ አለቀሰች፣ ሳመችው፣ የሙሉኪያ ቅጠል ወጥ አበላችው፣ ከስተሃል አለችው። እሱም እጁን ታጥቦ ቅጹን ዘረጋላት። ኡም በደዊ ከደጃፉ ጠረጴዛ ኋላ ተቀመጠች፤ ማንበብ ባትችልም በአንገቷ የተንጠለጠለውን መነጽር አደረገች።

«ፎቶህ የታል?»

«እማ፣ ልጅሽ እኮ ነኝ።»

«ልጅነትህን ማን ካደ? ሁለት ፎቶ ይላል። ደግሞ የት ነው የተወለድከው?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ የወለድሽኝ?»

«እሱን በወረቀት አምጣልኝ። ነገ ጠዋት ና፤ ዛሬ ማኅተሙ ተቆልፎበታል።»

ይህን ጊዜ ሚሽሚሽ በመካከላቸው አለፈች። አንገቷ ላይ ቁጥር ያለው የነሐስ ምልክት አስራለች።

«እሷስ?» አለ በደዊ።

«እሷማ ፈቃድ አላት። ፋይሏ የተሟላ ነው።»

ፍየሏ በቀዳዳው ገባች። ትንሽ ቆይቶ ከወዲያ በኩል ድንጋይ ሲላስ ተሰማ። ዶክተር በደዊ ካፖርቱን አስቀምጦ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ፤ አምስት ዓመት የተማረለትንም መስመር እስኪያልቅ ድረስ አዳመጠው።