ጋሽ ሊያንደር ሳያዩት ሞተር አይነሳም

«ቁልፌን ወሰዱብኝ! ፎንስ፣ ትሰማለህ? የገዛ ሞተሬን ቁልፍ፣ ከእጄ ላይ መንጭቀው!»

ሚስቴ ፊሎሚና ናት። ግቢያችን መሃል ቆማ ፊቷ እንደተቀቀለ ሎብስተር ቀልቷል። ፊት ለፊቷ የተገለበጠ ባልዲ ላይ የተቀመጡት ደግሞ ጎረቤታችን ጋሽ ሊያንደር ናቸው። ሄልሜት አድርገዋል። ባልዲ ላይ ለመቀመጥ ሄልሜት የሚያደርግ ሽማግሌ ካያችሁ፣ ሌላ ሰው አይደለም፣ እሳቸው ናቸው።

«የኋላ ፍሬንሽ ዘይት ያለቅሳል፣ ልጄ» አሉ ረጋ ብለው። «ቆይ። ጫካው የትም አይሄድም።»

«ጫካውማ አይሄድም! ሥጋዬ ነው የሚሄደው! ዝንብ ሊጨርሰው ነው!»

እውነቷን ነው። ከስንት ዓመት በኋላ የአደን ዕጣ ወጥቶልን፣ ትናንት ከሰዓት ፊሎሚና በአንዲት ጥይት በሬ የሚያህል አጋዘን ጣለች። ያለነው ኒውፋውንድላንድ ነው፣ እዚህ አጋዘን ማለት የበረዶው ወራት ቀለብ ማለት ነው። ዓሣ ፋብሪካው በጋውን ሙሉ ተዘግቶ ስለከረመ ደግሞ ለእኛ ሌላ ቀለብ አልነበረም። ገፈን፣ በየእግሩ አራት ቦታ ከፍለን፣ በጨርቅ ከረጢት ጠቅልለን፣ ከረግረጉ ማዶ ዛፍ ላይ ሰቀልነውና ጭጋግ ሲወርድብን ወደ ቤት መጣን። በጥቅምት ብርድ ሳምንትም ቢሰነብት ምንም አይሆን ነበር። ዛሬ ጠዋት ስንነሳ ግን ፀሐይዋ እንደዚህ አገር ሐምሌ የምታቃጥል ሆና ጠበቀችን። መንደሩም ለአደን ወጥቶ ባዶ ነው። ሥጋውን የሚያወጣልን ያው የኛው ባለአራት ጎማ ሞተር ነው፣ ቁልፉ ደግሞ ጋሽ ሊያንደር ኪስ ውስጥ ገብቷል።

እንዲህ ያለ ሰው በየመንደሩ አንድ አይጠፋም። እግዜር ሌላውን ሁሉ «ሂድ» ብሎ ሲልከው፣ ይሄን አንዱን «ቆይ» ብሎ በር ላይ አስቀረው። እኔ ለኛው ሰውዬ ማዕረግ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ሊቀ ፍሬን ወመጋቤ ጎማ እላቸዋለሁ። የጎማ ንፋስ መለኪያቸው እንደ ማተብ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው። «የዚህ ሞተር ጎማ ለስላሳ ነው፣ እንደ መኪና አይነፋም። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ወደ ገደል ይዞህ ይሄዳል» ይላሉ። ይሄን የነገሩኝ ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበርን፣ ቅዳሴ ላይ።

በጋ ሲገባ ቄሱ ሞተሮቻችንን ሊባርኩ መጡ። ሁላችንም ተሰለፍን። ቄሱ ጸበሉን አንስተው ሊረጩ ሲሉ ጋሽ ሊያንደር ከሰልፉ ወጡ።

«አባ፣ ጸበሉን ትንሽ ያቆዩት። መጀመሪያ ቡሎኖቹን ልይ።»

«ልጄ፣ የእግዚአብሔር በረከት እኮ...»

«በረከቱማ ጥሩ ነው፣ አባ። ግን ቡሎን አያጠብቅም።»

ቄሱ ፀሐይ ላይ ቆመው ጠበቁ። ምን ያድርጉ?

አንዱ ጎረምሳ ደግሞ የወደዳትን ልጅ ከኋላ አፈናጦ ወደ ኩሬው ሊሄድ ሲል መንገድ ዘጉበት። «ይሄ ወንበር የአንድ ሰው ነው። ሁለት ከሆናችሁ ሚዛኑ ይበላሻል።» ልጅቷ በእግሯ ሄደች፣ እሱ ከኋላዋ እየተንፏቀቀ ነዳ። እስከ ኩሬው ድረስ ሲያወሩ ሄዱ። አሁን ተጋብተው ልጆች ወልደዋል። ጋሽ ሊያንደር የመጀመሪያው ልጅ ክርስትና ላይ ተነስተው፣ «በዝግታ ስለነዳ ነው» ብለው ተቀመጡ።

ረግረግማ ከደረሱ ከሞተር ወርደው፣ በዱላ እየወጉ በእግራቸው ሳይሻገሩ አይነዱም። አንድ ቀን እንዲሁ እየወጉ ሲያስተምሩን እስከ ደረታቸው ሰመጡ። እኛ ገመድ ፍለጋ ስንራወጥ እሳቸው ጭቃው ውስጥ ሆነው ዱላቸውን ከፍ አደረጉና፣ «አያችሁ? በዚህ በኩል አይታለፍም!» አሉ። ደስ ብሏቸው ነበር።

እንግዲህ እኚህ ሰውዬ ናቸው ባልዲው ላይ የተቀመጡት። ፊሎሚና ብትጮህ ብትለምን አልሰሙም። ጎማውን ፈቱ፣ የሚያንጠባጥበውን ፍሬን አሰሩ፣ ዘይት ጨመሩ፣ ነዳጅ መስጫውን ተጭነው እየለቀቁ መመለሱን አዩ። የአየር ፊልትሮውን ሲከፍቱ ውስጡ አይጥ ከነልጆቿ ሰፍራለች።

«አይ እናንተ! ተከራይ አስገብታችኋል እንዴ?» አሉኝ።

«ኪራይ አልከፈለችም» አልኳቸው።

ፊሎሚና ሁለታችንንም በአንድ ዓይን አየችን። ያ ዓይን ትናንት አጋዘኑን ያየው ዓይን ነው።

በመጨረሻ ቁልፉን መለሱና የራሳቸውን ሞተር አስነስተው፣ «እኔም እመጣለሁ» አሉ። ሄድን። ወንበሩ የአንድ ሰው ስለሆነ እኔ በእግሬ።

ማዶ ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። ዝንቡ ከረጢቱን ከቦ ማኅበር ተቀምጧል። ፊሎሚና ከረጢቱን ገለጥ አድርጋ አሸተተችው። ገና ደህና ነው፣ ግን ብዙ አይቆይም።

«ሁለት ሁለት እንጫንና ባንዴ እንውጣ» አለች።

«አይሆንም። ለአንድ ሞተር አንድ እግር። ዝቅ ብሎ ይጫናል፣ ሁለቴ ይታሰራል።»

«እሱማ ሁለት ዙር ሊሆን ነው! እስክንመለስ ይሸታል፣ ጋሽ ሊያንደር!»

«ዳገቱን ረሳሽው? ከኋላ ሲከብደው አፍንጫውን ወደ ሰማይ ያነሳል። ከዚያ ሞተሩ ባንቺ ላይ፣ አጋዘኑ በሞተሩ ላይ። የትናንቱን ቂም ይወጣብሻል።»

ፊሎሚና ዞር ብላ በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች። እናቷ ስትቀበር እንኳ ሰው ፊት ያላለቀሰች ሴት ናት። ጋሽ ሊያንደር ሥጋውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ የአንገታቸውን መለኪያ አሻሹ።

«እናንተ አንዱን ይዛችሁ ቅደሙ» አሉ። «እኔ ገመዴን ላጥብቅና እደርስባችኋለሁ።»

እንዳሉን አደረግን። ዳገቱ ላይ የፊሎሚና ሞተር ፊቱን ብድግ ሊያደርግ ሲል ወደፊት ድፍት ብላ፣ ከወንበሩ ተነስታ፣ ነዳጁን ሳትለቅ አወጣችው። ከዳገቱ አናት እስከ ቤታችን ድረስ ያለው መንገድ ሜዳ ነው። እዚያ ቆመን ወደ ኋላ አየን።

ሊቀ ፍሬን እየመጡ ነው። ሦስቱንም እግር ጭነዋል!

ሁለቱ ከኋላ ተደራርበዋል፣ አንዱ ከፊት። ሥጋው ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር ሞተሩን ከሥሩ አስገብቶ ገመድ መልቀቅ ነው፣ ለብቻም ይቻላል። ማንም ልጅ ያን ጭነት ጭኖ ቢያዩት ቁልፉን ወስደው ኩሬ ውስጥ ነበር የሚወረውሩት።

«ምን ነካቸው?» አለች ፊሎሚና። «ጋሽ ሊያንደር! ይቁሙ! ይቁሙ!»

ዳገት ላይ መቆም እንደማይቻል ያስተማሩን ራሳቸው ናቸው። አልቆሙም። የፊት መብራቱን ሊስሙት እስኪመስል ተደፉ። አልጠቀመም። ሞተሩ እንደሚያዛጋ ሰው ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ሰማይ አነሳ። እሳቸው በሽቅቡ በኩል ዘለው ወረዱ፣ እሱ ከነጭነቱ ተገልብጦ ተንከባለለ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ፊሎሚና እንዴት እንደወረደች አላየሁም፣ ብቻ ደርሳለች። ጋሽ ሊያንደር ቁጥቋጦው ላይ ቁጭ ብለዋል። ሄልሜታቸው ዳር ተሰንጥቆ ወደ አንድ ጆሮ አዘንብሏል።

«ይሄ እጅ ይንቀሳቀሳል? ያኛውስ? አንገትዎን ያዙሩ። በደንብ ያዙሩ!»

«ደህና ነኝ፣ ልጄ። ሥጋው አፈር ነካው እንዴ?»

«ሥጋው ገደል ይግባ! ምን አስቦ ነው ሰው እንዲህ የሚጭነው? ሕጉስ?»

«ሁለተኛው ዙር አይደርስም ነበር» አሉ መሬት መሬቱን እያዩ። «ሕጉ ደግሞ ለእናንተ ነው የወጣው። እናንተ ቤት የሚጠብቃችሁ አለ። እኔ ብቻዬን የምኖር ሽማግሌ...»

«ዝም ይበሉ!»

ዝም አሉ። በዚያ ዳገት ላይ ሁለት ጉድ ባንድ ቀን አየሁ። ሊያንደር ሕግ ጣሱ፣ ሊያንደር ዝም አሉ።

ሥጋው ከረጢቱ ውስጥ ስለነበር የነካው ትንሽ የጥድ ቅጠል ነው። ፊሎሚና በኛ ሞተር አንድ አንድ እያደረገች፣ በዝግታ፣ ሁለቴ እያሰረች አመላለሰችው። ረጅሙን መንገድ እሳቸው አሳልፈውት ስለነበር አንድም ሳይበላሽ ገባ። ገሚሱን ቀቅለን በጠርሙስ አሸግን፣ ገሚሱን አቀዘቀዝን፣ አንድ ሙሉ እግር ጋሽ ሊያንደር ደጃፍ ላይ አስቀምጠን ሮጥን። መልሰው እንዳያመጡት ነው የሮጥነው።

እኔ አሁን ሞተር ሳስነሳ ማንም ሳይኖር «ቆይ» የሚል ድምፅ እሰማለሁ። እወርዳለሁ፣ ጎማውን እረግጣለሁ፣ ፍሬኑን አያለሁ። ያኔ ነው የምሄደው። አንድ ቀን ያ ድምፅ ከጎረቤት መምጣቱን ቢያቆም ምን እንደምሆን እንጃ።

የሳቸው ሞተር መሪው ተጣሞ፣ የኋላ መጫኛው ተሰብሮ ስለነበር አምብሮዝ ጋራዥ ገባ። ሲያልቅ ሦስታችንም ሄድን። አምብሮዝ ሂሳቡን ጽፎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ጋሽ ሊያንደር እጃቸውን ዘረጉ፣ ፊሎሚና ቀድማ መዳፏን ጫነችበት።

«የኔ ሥጋ ነው የሰበረው። እኔ ነኝ የምከፍል።»

«የጫንኩት እኔ ነኝ። ሥጋው በእግሩ አልወጣም።»

«አምብሮዝ፣ ከሳቸው ብትቀበል ደጅህን አልረግጥም።»

«አምብሮዝ፣ ከሷ ብትቀበል የሸጥካቸውን ጎማዎች በሙሉ እየዞርኩ እለካለሁ።»

አምብሮዝ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ባል ነኝ፣ ምን አገባኝ?

እየተጨቃጨቁ ወጡ። ጋሽ ሊያንደር ሞተራቸውን ዞረው ዞረው አይተው አስነሱ፣ ፊሎሚና ከጎናቸው በእግሯ እየሄደች አሁንም ትጮህባቸዋለች። አምብሮዝ ወረቀቱን እያውለበለበ እስከ መንገዱ ተከተላቸው።

«ኧረ በእመቤቴ፣ አንዳችሁ ክፈሉኝ!»

ወረቀቱ እስካሁን ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሚስማር ላይ ተሰክቷል። ሁለቱም በየሳምንቱ ለየብቻ ተደብቀው ሊከፍሉ ይሄዳሉ። አምብሮዝ ሁለቱንም ስለሚፈራ ከማንም አልተቀበለም።