ነብር የሆነችው ሰናድሬ

ጠብመንጃ ያለው ሰው ባለ ሁለት ሚስት ነው። አንደኛዋ ትናገራለች፣ ሁለተኛዋ ዝም ትላለች፤ ታዲያ ዝም የምትለዋን የማያስበልጥ ወንድ ማን አለ? ተረከዙ ተሰነጣጥቆ ሲያነክስ ግድ የማይሰጠው ጎበዝ፣ የጠብመንጃው ሰደፍ የተጫረ እንደሆነ እህል አይበላም። ለራሱ የነተበ ጋቢ ደርቦ ለእሷ ቀይ ልብስ ያሰፋላታል። እኔም እንዲህ ያለ ሰው ነኝ፣ አልክድም። ባለቤቴ በላይነሽማ ሰናድር ጠብመንጃዬን ጣውንቴ ነው የምትላት። ጣውንቴን ከመደቡ ላይ አንሣልኝ፣ ጣውንቴን እዚያ ስቀልልኝ ትለኛለች። ስትስቅ አንተ፣ ስትቆጣ አንቱ ስለምትለኝ የቤቱን አየር ከአጠራሯ አውቀዋለሁ።

ቤታችን ከአንኮበር ዝቅ ብሎ ነው። የአንኮበርን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሳይጠሩት ይገባል፣ ሳይጋብዙት ይቀመጣል። በዚያ ላይ ክዳናችን ያፈስሳል። ክዳኑን ላድሰው ካሰብኩ ቆይቻለሁ፤ ማሰቤን በላይነሽ ለጎረቤቱ ሁሉ ነግራለች። እናላችሁ፣ ክረምቱ ሲወጣ ሰናድሬን ከልብሷ ባወጣት ዝገት ለብሳ ቁጭ! ከአፈር ውስጥ ተረስታ የከረመች ማረሻ መስላለች።

ከዛገች ወልውላት ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ሰናድሯ የመንግሥት ናት። አለቃችን ሻለቃ ጎሹ ከማደሪያ መሬቱ ጋር ሰጡኝ፤ መሬቱም የቆመው በእሷ ነው። መስቀል ሲያልፍ በደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ሰልፍ ይሆንና ሻለቃ እየዞሩ የየሰዉን ጠብመንጃ ያያሉ። የዛገ ያገኙ እንደሆነ አይቆጡም፤ ቢቆጡማ ምን ነበረበት! ዝም ብለው ይቀበሉና ከኋላ ጦር ይዞ ለቆመው ይሰጡታል፤ መሬቱም አብሮ ይሄዳል። ከእኔ ኋላ ጦር ይዞ የሚቆመው ደግሞ ጎረቤቴ ጥሩነህ ነው፤ ያ ራሱን ሙልጭ አድርጎ የሚላጨው። ጥሩነህ መልካም ሰው ነው። በየጠዋቱ ይመጣና እንዴት አደራችሁ ብሎ፣ ልጆቹን ጠይቆ፣ ከብቱን ጠይቆ፣ መጨረሻ ላይ "ሰናድሯስ ደኅና ናት?" ይለኛል። እንዲህ ያለ አሳቢ ጎረቤት ከወዴት ይገኛል?

ጭንቅ ሲለኝ ወደ አሊዩ አምባ ገበያ ወረድኩ። እዚያ ከባሕር በኩል ሸቀጥ የሚያመጣ ኑርዬ የሚባል ወዳጅ አለኝ። ነገሩን ባጫውተው ሳቀና በሰም የተደፈነች ትንሽ ቀንድ አወጣልኝ። ውስጧ ያለው ብረት የሚያጠቁር መድኃኒት ነው አለኝ። እሳት የለ፣ ወናፍ የለ፤ ቀዝቃዛውን ብረት በጨርቅ ማሸት ብቻ ነው፣ እንደ ርግብ አንገት ጥቁር ሰማያዊ ይሆንልሃል አለኝ። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ሲባል ሰምተን ያደግን ሰዎች፣ የቀዘቀዘ ብረት እሺ ይላል ቢሉን በየት በኩል እንመን? ኑርዬ ግን ወላሂ ብሎ ማለልኝ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀኝ፦ "ስብ የነካውን ብረት መድኃኒቱ አይዘውም። በአመድ ውኃ አጥበህ ስቡን ካስለቀቅህ በኋላ ቅቤ የሚባል ነገር እንዳይደርስባት። ይህችም የምትበቃው ለአንዲት ጠብመንጃ ነው፤ ሌላ የለኝም።"

በመስቀል ሰሞን፣ ያውም በሸዋ፣ ቅቤ ያልነካው ነገር ከየት ይመጣል? ቢሆንም ቆረጥኩ። ለሰልፉ ልንጓዝ ስንል ዝገቱን በአሸዋና በሎሚ ፈግፍጌ አነሣሁ፤ በአመድ ውኃ ደጋግሜ አጠብኳት። ከዚያ አዋጅ አስነገርኩ። ልጆች ከደጅ፣ ድመቷ ከደጅ፤ በላይነሽም የምታነጥረውን ቅቤ ይዛ ጎረቤት ቤት እንድትሄድ ለመንኳት። ጣውንቴ ልትዳር ነው እንዴ ብላ ወጣች። እጄን በእንዶድ እስከ ክርኔ ታጠብኩ። ከደጃፉ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ፣ ሰናድሬን ጭኔ ላይ አጋድሜ፣ ጎንበስ ብዬ ማሸት ያዝኩ።

ኑርዬ አልዋሸም። ብረቷ ዓይኔ እያየ ጠቆረች! ደስ ብሎኝ ማንጎራጎር ጀመርኩ። ፀሐይዋ ጠንከር አለች፣ እኔም ይበልጥ ጎንበስ አልኩ። ግንባሬ ላይ አንድ ነገር ሲወርድ ላቤ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳይ ያሸሁት ሁሉ ሲጠቁር እዚህም እዚያም ነጭ ነጠብጣብ እንቢ ብሎ ቀርቷል። ባሸው፣ ባሸው፣ ወይ ፍንክች! ከዚያ ጠብ ያለውን በጣቴ ነካ አድርጌ አሸተትኩት።

ቅቤ ነው። ለካ በላይነሽ ጠዋት፣ በጌቶች ፊት ስትቆም ጸጉርህ ደርቆ አያሰድበኝ ብላ፣ ጉተናዬ ላይ የእንቁላል አስኳል የሚያክል ለጋ ቅቤ አስቀምጣልኝ ነበር። ድመት ያባረርኩ ሰው የገዛ ራሴን ረሳሁ! መድኃኒቱ ግን ተሟጥጦ አልቋል።

በላይነሽ ስትመለስ አይታን መሬት ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች። ኋላ ፊቴን አየችና ሳቋን ዋጠች። ማሳው ዓይኔ ላይ ይዞር ነበር። አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና፣ "ዝገት አለባት?" አለችኝ። የለባትም አልኳት። "እንግዲያው ሻለቃ የሚፈልጉት ዝገትን ብቻ ነው። ተነሣ፣ አንተ" አለችኝ። አንተ ስላለችኝ ተነሣሁ።

በሰልፉ ቀን ጥሩነህ ትንፋሹ ማጅራቴን እስኪሞቀኝ ተጠግቶኝ ቆመ። ሻለቃ ደረሱ፣ ሰናድሬን ተቀበሉኝ፣ ዝም አሉ። የጥሩነህ እጅ በጎኔ በኩል ብቅ ስትል ታየችኝ። ሻለቃ ግን ጠብመንጃዋን ወደ ትከሻቸው አስጠግተው፣ ከለበሱት የነብር ለምድ ጋር አስተያዩዋት፤ ነጠብጣብ ለነጠብጣብ። "ነብር!" አሉና ሳቁ። ማን እንደ ሠራት ጠየቁኝ። ከመዋሸት መዋረድ ይሻላል ብዬ ቀንዱንም፣ ፀሐይዋንም፣ የበላይነሽን ቅቤም ተናገርኩ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ሻለቃ ዕንባቸውን ጠርገው ሰናድሬን መለሱልኝና፣ የእኔንም እንዲሁ አድርግልኝ አሉኝ።

ኑርዬ ተልኮበት ሌላ ቀንድ አመጣ። እኔም ቅቤውን በጣቴ ላንጠባጥበው ፈቃድ ብጠይቅ ሻለቃ፣ የለም፣ ሥርዓቱ አይጓደል አሉ። ስለዚህ ዛሬ በእሳቸው ደጃፍ፣ አናቴን ተቀብቼ፣ የጌታን ጠብመንጃ ጭኔ ላይ አጋድሜ ፀሐይ እጠብቃለሁ። መሬቱም ጸንቷል፤ እንዲህ ያለ ባለሙያ ከመሬቱ አይነቀልም ብለውኛል።

ጥሩነህ ዛሬም በየጠዋቱ ይመጣል። ልጆቹን ይጠይቃል፣ ከብቱን ይጠይቃል፤ የሰናድሯን ደኅንነት መጠየቁን ግን ትቷል። በእሱ ፈንታ ዓይኑን ወደ አናቴ ሰቅሎ፣ "ወንድሜ፣ ጸጉርህ ሳሳ ልበል?" ይለኛል። እሱ ራሱ ከመስቀል ወዲህ አናቱን ምላጭ አላስነካም።