የጎመን አበጋዝ

በዚህ በባዕድ አገር፣ ከአስፐን ሂል እስከ ጀርመንታውን ባሉት ሰፈሮች ጓሮ ያለው ቤት የገዛ ሐበሻ ሁሉ፣ ውሉ ላይ ያልተጻፈ አንድ ነገር አብሮ ይገዛል፤ አማካሪ። አማካሪን መጥራት አያስፈልግም። አውሬ ጓሮ በገባ ማግስት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከች ይላል። የወደመውን መደብ ይዞራል፣ እንደ ሐኪም ይተክዛል፣ በሽተኛው ከሞተ በኋላ መድኃኒት ያዛል። ይህ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ወይ ሐበሻ አልገባበትም፣ ወይ አውሬ አልገባበትም።

ለስሂን በዕጣ የደረሷት አቶ ወልደአምላክ ናቸው። ከአጥሯ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸው፣ በአገር ቤት መንገድ ቀያሽ የነበሩ ሰው ናቸው። ሃያ ዓመት በድንኳን ስላደሩ፣ ከጅብ ጀምሮ የማያውቁት አውሬ የለም፤ ቢያንስ እሳቸው እንደሚሉት። ስሂን በልቧ «ፊታውራሪ» ትላቸዋለች፤ ሁልጊዜ ከጦሩ ፊት ስለሚሄዱና ጦሩ ሁልጊዜ ስለሚሸነፍ።

«ቁም ነገሩ አመሉን ማወቅ ነው» ይላሉ፣ ጣታቸውን ቀስረው። ለአጋዘኑም፣ ለጥንቸሉም፣ ለስኩዊረሉም ይህንኑ ነው የሚሉት።

የራሳቸው ጓሮ ከተላጨ ራስ አይለይም። ይህን ያነሣባቸው ሰው ካለ ግን አይደነግጡም። «እኔ እያጠናኋቸው ነው።»

በአንድ ወቅት ለአጋዘን የሰው ጠረን ነው መድኃኒቱ ብለው፣ ከፀጉር አስተካካዩ ቤት የተቆረጠ ፀጉር በከረጢት አምጥተው፣ በአሮጌ ካልሲ እየሞሉ በስሂን አጥር ላይ ሰቀሉት። አጋዘኑ አሽትቶ አለፈ፤ ቲማቲሙን በላ። ወፎቹ ፀጉሩን ወስደው ጎጇቸውን ሠሩበት። ስሂን በዚያ ዓመት የሰፈሩን ወንድ ሁሉ ጠጉር ለብሰው የተፈለፈሉ ጫጩቶች በመስኮቷ ስታይ ከረመች። ሌላ ጊዜ ደግሞ አውሬ የሰው ክርክር አይወድም ብለው፣ ስልካቸውን ዩቲዩብ ላይ ከፍተው፣ የሁለት ሰዓት የፖለቲካ ውይይት ባቄላው መሐል አስቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ወፍራም ግራውንድሆግ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር ቅጠል በል አውሬ፣ በኋላ እግሩ ቆሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሲያዳምጥ ተገኘ። ውይይቱን እስከ መጨረሻው ሰምቶ ነው ባቄላውን የበላው።

በዚህ ዓመት ግን ነገሩ የቀልድ አልነበረም።

ስሂን ከእናቷ ጓሮ ያመጣችው፣ በቆርቆሮ ያኖረችው የጎመን ዘር ነበራት። እናቷ ሞተዋል። ጓሮው ተሽጦ ፎቅ ተሠርቶበታል። ሌላ ጎመን ሞልቷል፤ ዘሩንም በወረቀት ጠቅልሎ የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። ያኛው ግን ግንዱ ወይን ጠጅ የሚመስል፣ ቅጠሉ ሲቀቀል የማይመርር፣ ከእሷ ቆርቆሮ በቀር አሁን በምድር ላይ የትም የሌለ ነው። ሁለት ዓመት ሥራ ደራርባ አልዘራችውም። ዘር ደግሞ ችላ ሲሉት ምንም ሳይል ይሞታል። በሚያዝያ የቀረውን ሁሉ አፈር ላይ በተነችው፤ አሥራ ሁለት ብቻ በቀለ። እነዚያ አድገው፣ አብበው፣ ዘር ካልሰጡ፣ አለቀ።

ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለፊታውራሪ ግን አጥር ለአጥር ሲያወሩ አመለጣት።

«አሥራ ሁለት?» አሉ አቶ ወልደአምላክ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው። «እንግዲህ ዘብ ያስፈልገዋል።»

ሰኔ ሲገባ ግራውንድሆጉ ከስሂን ደክ፣ ከጓሮ በሯ ፊት ካለው የእንጨት መድረክ፣ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ገባ። አቶ ወልደአምላክ ተንበርክከው ጉድጓዱን ካዩ በኋላ ፊታቸው በራ።

«ይሄማ ጃርት ነው። እሾኽ የሌለው ጃርት። ጃርት በምን እንደሚወጣ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«በበርበሬ ጭስ ነው። ዛላውን ፍም ላይ፣ ፍሙን ጉድጓዱ አፍ ላይ። ያገራችን ገበሬ ሌላ መላ የለውም።»

«እዚህ አገር እሳት ክልክል አይደለም እንዴ?»

«እሳት ማን አለሽ? ጭስ ነው።»

የአገራችን ገበሬ እውነቱን ነው፤ ጃርት በጭስ ይወጣል። የአገራችን ገበሬ ግን ከጃርቱ ጉድጓድ ጎን ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱን፣ አከራይቶ አያውቅም። አንድ ሙሉ ኪሎ ዛላ በርበሬ ፍም ላይ ሲወርድ፣ ጭሱ በጉድጓዱ አንደኛ በር ገብቶ በሁለተኛው ወጣ፤ ሁለተኛው በር የቤዝመንቱ መስኮት ሥር ነበር። እዚያ ደግሞ ፍሬአብ የሚባለው ተከራይ የሌሊት ሥራ አድሮ ተኝቷል። ብርድ ልብስ እንደተከናነበ፣ እንባው በሁለት ጉንጩ እየወረደ ወጣ።

«ማነው የሞተው?» አለ።

«ማንም አልሞተም። ፊትህን ታጠብ» አሉት አቶ ወልደአምላክ፣ እሳቸውም እያለቀሱ።

«ናይን ዋን ዋን ኮል አድርጌያለሁ እኮ፣ ጋሼ። ጋዝ መስሎኝ።»

የእሳት አደጋ መኪናዎቹ ሁለት ሆነው መጡ። ፊት የወረደው ሰውዬ ደጁ ላይ ሲደርስ ሳል ይዞት ተመለሰ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ፤ ስሂንም፣ ፍሬአብም፣ ፊታውራሪም በቤቱ ፊት ለፊት መንገዱ ዳር ተሰልፈው አሳሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን አውሬው ማንም በማያውቀው በሦስተኛ በሩ ወደ ጓሮ ወጥቷል። መቼም ንጹሕ አየር የሚያሰኘው ሰው ብቻ አይደለም። ስሂን ስትመለስ ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ እስከ ሥራቸው ተበልተዋል።

የቀሩትን ሦስቱን ሁለት ጊዜ ቆጠረቻቸው።

«ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጓሮ እንዳይመጡ» አለች።

አቶ ወልደአምላክ ኮፍያቸውን አጠለቁ። ቀስ ብለው በጎን በር ሄዱ።

በማግስቱ ስሂን ሥራ ልትገባ ጎሕ ሲቀድ ስትወጣ፣ ከአጥሩ ማዶ አንድ ኮፍያ አየች። ፊታውራሪ በገዛ ጓሯቸው፣ አጥሩን ተጠግተው፣ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ረጅም ሸምበቆ አጋድመዋል፤ እግራቸው ሥር ጠጠር ተከምሯል። እንዳይመጡ የተባሉት እሷ ጓሮ ነውና፣ ቃሏን አላፈረሱም። ሸምበቆው ግን አጥሩን ተሻግሮ ሦስቱ ጎመኖች ድረስ ይደርሳል። ልክ ለክተው ያመጡት መሆን አለበት፤ ቀያሽ አይደሉ።

ማታ ስትመለስም እዚያው ነበሩ። በሁለተኛው ቀንም፣ በሁለተኛው ሳምንትም። ሰላም አላለቻቸውም፤ እሳቸውም አልጠበቁም። ሰው ምክር የሚሰጠው ሁልጊዜ ስለሚያውቅ አይደለም። አንዳንዱ የሚመክረው ባዶ ቤት ቶሎ ላለመመለስ ነው። ያን ሰሞን ግን ምክሩም ቀርቶ ነበር፤ ይህ ስሂንን ከጭሱ የበለጠ አስጨነቃት። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠርሙስ ውኃ አጥሩ ላይ አስቀመጠችላቸው። ማታ ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ፣ ታጥቦ፣ እዚያው ቆሟል። ከዚያ በየቀኑ እንዲሁ ሆነ።

ጎመኖቹ አበቡ። አበባው ረግፎ ቀጫጭን የዘር ቆባ አንጠለጠሉ። ቆባው ገርጥቶ እስኪደርቅ ሌላ ወር ይፈልጋል። በሐምሌ አጋማሽ አንድ ቀን ሰማዩ ተቀደደ። ስሂን ከሥራ ስትመለስ ሰውየው ኮፍያቸው ላይ የግሮሰሪ ፌስታል ደፍተው በዝናቡ ውስጥ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ። በእመቤቴ ይሁንብዎ።»

«ዝናብ ሲያባራ ነው የሚወጣው» አሉ፣ ዓይናቸውን ከደኩ ሥር ሳይነቅሉ።

«ይውጣ። ይብላው።»

«እሱን አትበይ። ሦስት ናቸው።»

ዣንጥላ ይዛላቸው እስኪያባራ ቆመች። አውሬው ብቅ አለ፣ ሸምበቆውን አየ፣ ተመለሰ።

ነሐሴ ሲገባ ቆባው ደረቀ። ስሂን ቆርጣ በአንሶላ ላይ ፈለፈለችው፤ እፍኝ ሙሉ ጥቁር ዘር ወጣው። በቆርቆሮ አድርጋ፣ ልታሳያቸው ወደ አጥሩ ሮጠች። ወንበሩ ባዶ ነበር።

ከትንሽ ቆይታ በኋላ ከአቶ ወልደአምላክ ቤት ሂዊ ወጣች፤ ከዚያ ብዙም በማይርቅ አሌክሳንድሪያ የምትኖር፣ እዚሁ የተወለደች አንዲት ልጃቸው ናት። ዓይኗ ቀልቷል።

«አንቲ ስሂን፣ ሆስፒታል ነው ያለው። የሳንባ ምች። ሁለት ሳምንት ሲያስል ኖሮ አልነገረኝም። አይም ሶሪ፣ ከዚህ በኋላ ብቻውን ሊቭ ማድረግ አይችልም፤ እኔ ጋ ነው የሚሆነው።» ከዚያ ባዶውን ወንበር አየች። «ግን ዝናብ ውስጥ ለምን ተቀመጠ? ብጠይቀው ሂ ዎንት ቴል ሚ።»

ስሂን ቆርቆሮውን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። እሷም አልነገረቻትም።

የአቶ ወልደአምላክ ቤት ለሽያጭ ቀረበ፤ ደጁ ላይ ምልክቱ ተተከለ። በዚያው ሰሞን ግራውንድሆጉ መንገድ ሲሻገር መኪና ገጨው። ስሂን ሬሳውን ባየች ጊዜ ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ አላላትም። መስከረም ላይ ከዘሩ ግማሹን ዘራች፤ አንድ ሳይቀር በቀለ። የሚነካው አልነበረም። ጎመኑ እንደዚያ አምሮ አያውቅም፤ ጓሮውም እንደዚያ ከብዷት አያውቅም። ነገሩን አሰበችው፤ ከዘሩና ከሰውየው፣ ዘሩ ነው የተረፈው። ማንም ምረጪ ብሎ አልጠየቃትም፤ ግን በእሷ ጓሮ የሆነ ነው።

ደወለችላቸው።

«ደህና ነኝ» አሉ፣ ድምፃቸው እንደ ክር ቀጥኖ። «እዚህ ስምንተኛ ፎቅ ነው። መስኮቱ አይከፈትም። ልጅቷ ደግ ናት፤ ታበላኛለች። እቀመጣለሁ።»

«ዘሩ ወጣ እኮ፣ ጋሼ። እፍኝ ሙሉ።»

«እሰይ። ተመስገን ነው» አሉ፤ ከዚያ ጸጥ አሉ። ነገር ያለቀበት ሰው ጸጥታ ነበር።

ስሂን ዓርብና ረቡዕ የምትጾም፣ በውሸት የማትታማ ሴት ናት።

«ግን ያ ነገር ተመልሷል» አለች።

«የቱ?»

«ጃርቱ።»

«በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?» ድምፁ የሌላ ሰው ነበር። «ከየት በኩል? ምንም እንዳትነኪ። ቅዳሜ ሂዊ ታመጣኛለች።»

ቅዳሜ ጧት ስሂን የኩሽናዋን መቀስ ይዛ ጓሮ ወረደች። ከእናቷ ጎመን ያማረ ያማረውን መረጠች፤ እጇ እየሳሳ ቅጠሉን እየጎረደች ጣለች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማች፤ መቀሱን ቀሚሷ ኪስ ከተተችው።

ፊታውራሪ በከዘራ መጡ። ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ሂዊ ክንዳቸውን ይዛ እስከ መደቡ አደረሰቻቸው፤ በግድ ተንበረከኩ። አንድ ጉራጅ ቅጠል አንሥተው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ስሂን።»

«አቤት፣ ጋሼ።»

«አጋዘን የላይ የፊት ጥርስ የለውም፤ ቦጭቆ ነው የሚወስድ። ጥንቸል በሰያፍ ይቆርጣል። ጃርቱ እስከ ሥሩ ያወድመዋል።» አውራ ጣታቸውን በተቆረጠው ጠርዝ ላይ አሳለፉ። «ይሄኛው ቀጥ አድርጎ ነው የቆረጠው። አንድ ስለት ከላይ፣ አንድ ስለት ከታች።»

ሰውየው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን አውሬ በትክክል አውቀውታል።

አቶ ወልደአምላክ ቅጠሉን አጥፈው ደረት ኪሳቸው አደረጉት፤ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ክፉ ነው» አሏት፣ በጣም ኮስተር ብለው። «እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። በአንድ ቅዳሜ የሚሆን አይደለም።»

«ኤቭሪ ሳተርደይ ልንመጣ ነው?» አለች ሂዊ። «እስከ መቼ፣ ዳዲ?»

ፊታውራሪ ስሂንን አዩዋት።

«በረዶ ሲገባም አይተወኝም፣ ይሄ» አለች ስሂን፣ የቀሚሷን ኪስ በእጇ ሸፍና።