ሁሴንና የዘንባባው ምንጭ ግመል

ሰው የሚኖርበትን አገር የሚያየው እንግዳ ሲመጣበት ነው መሰለኝ። እኔ ቆቦ ተወልጄ፣ ቆቦ አድጌ፣ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ ከፍቼ ስኖር በደጃፌ የሚያልፈውን ግመል አንድም ቀን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም። ግመል ለእኛ መንገድ የሚዘጋ ነገር ነው፤ እስኪያልፍ እንጠብቃለን፣ ያልፋል፣ አለቀ። ታዲያ አንድ ጊዜ ከደሴ የመጣ ዘመዴ፣ ወደ አፋር በሚወርደው ቆላ ውስጥ ዘንባባ የከበበው ምንጭ እንዳለ፣ በግመልም እንደሚገባ ሰምቶ ኖሮ፣ እንዴት ያለ ቦታ እንደሆነ ጠየቀኝ። ምን ልበል? ጥላውን፣ ውሃውን፣ የግመሉን አረማመድ ሳይቀር ተረኩለት። እናንተስ ብትሆኑ የራሴን አገር አላየሁም ትላላችሁ? እሱ አምኖኝ ሄደ። እኔ ግን ያወራሁትን ነገር ማየት አማረኝ።

ጎረቤቴን ሁሴንን አማከርኩት። ሁሴን ባጃጅ ነጂ ነው። ባጃጁ ከመምጣቱ በፊት ግን የግመል ነጋዴ ነበር፤ ከራያ ማሽላ ይዞ እየወረደ፣ ጨው ይዞ እየተመለሰ ግማሽ ዕድሜውን በዚያ ቆላ የፈጀ ሰው ነው። በኋላ የጭነት መኪናው ሥራውን ወሰደበት፣ ልጆቹም አደጉበት። አንድ የቀረውን ግመል ለደላላ ሸጠና ባጃጅ ገዛ። አልተሳሳተም፤ ልጆቹን ያስተማረችው ባጃጇ ናት። ብቻ ከዚያ ወዲህ የግመል ነገር ሲነሳ ወሬ መለወጥ ለምዷል። ስለዚህ እምቢ ይለኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን፣ እዚያ ታች ዓሊ የሚባል የአፋር ሰው ግመል ይዞ እንግዳ እንደሚያስገባ ሰምቻለሁ፣ መልእክት እልክበታለሁ፣ እሁድ በጠዋት ተዘጋጅ አለኝ።

መንገዱ እስካለቀበት ድረስ በባጃጅ ወረድን። ዓሊ አንድ ትልቅ ግመል ይዞ ቆሞ ነበር። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው የአፋሮቹን ረጅም ሰላምታ ጀመሩ፤ ዝናቡ፣ ሣሩ፣ የከብቱ ጤና፣ የሰው ደህንነት፣ ሁሉም በየተራው ይጠየቃል። መሐል ላይ ሁሴን ሰላምታውን አቋረጠ። ግመሉን ነበር የሚያየው። ዞሮ ሄዶ የግራ ጎኑ ላይ ያለውን ፀጉር የከዳው ጠባሳ በመዳፉ ዳሰሰ። ጭነት ልጦት ያቆሰለው ቦታ ነው፤ ያንን ቁስል በጨው ውሃ እያጠበ ያዳነው ሁሴን ራሱ ነበር። ለእኔማ ግመል ሁሉ አንድ መልክ ነው፤ ይህንን ያወቅሁት በኋላ ሲነግረኝ ነው።

ግመሉ በርከክ አለና ወጣሁበት። ሲነሳ ከኋላ በኩል ነው የሚጀምረው፤ አንገቱ ላይ ተደፋሁ። የፊት እግሩን ሲያነሳ ደግሞ ወደ ኋላ ተንጋለልኩ። ለዘመዴ ስተርክ ይህንን አላነሳሁለትም። ሁሴን ገመዱን ለትንሽ ጊዜ ልያዘው ብሎ ዓሊን ለመነው፤ ዓሊም ሰጠው።

ደረቁን ሜዳ አልፈን ዘንባባው ውስጥ ገባን። ሙቀቱ ድንገት ቀለለ፤ ከሥሩ የሚፈልቀው ውሃ በቀጭኑ ይሄዳል፣ እርግቦች ይጮሃሉ። የተመኘሁት ሁሉ ነበር፤ እኔ ግን ዓይኔ ከሁሴን ጀርባ አልተነሳም። ገመዱ ላላ ብሏል። እሱ ሲፈጥን ግመሉ ይፈጥናል፣ እሱ ሲያዘግም ያዘግማል፤ አንድ ሁለቴም አፍንጫውን ትከሻው ላይ አሳርፎ አሸተተው። ሁሴን አልዞረም።

ዓሊ ከጎን እየሄደ ይህን ሁሉ ያያል።

«ትተዋወቃላችሁ» አለው።

«የእኔ ነበር» አለ ሁሴን።

ምንጩ ጋ ደረስን። ግመሉ ሲጠጣ ሁሴን ቀስ ብሎ፣ የማይሆን ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ትሸጠዋለህ ወይ አለው። ዓሊ አልተቆጣም። ሣር ፍለጋ ሲነሱ የቤቱን እንጨትና ሰሌን፣ አሮጊት እናቱንም የሚሸከመው ይኸው ግመል እንደሆነ አስረዳው።

«ቤቴ የሚሄደው በእሱ ላይ ነው» አለ።

«እንግዲያስ አትሽጠው» አለው ሁሴን።

ምን ሊያደርገውስ ነበር? የት ሊያስረው? በየት በኩል ሊያሰማራው? ባጃጇን ትቶ ጨው ሊጭን አይደል። ይህን ሁሉ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ፣ ልጆቹን አይቶ አሁንም ይሸጠዋል። ሰው ግን ልክ በሠራው ነገርም አንጀቱ ይቃጠላል፤ እንዲያውም ካጠፋው ይልቅ ይሄኛው ይብሳል፣ ይቅርታ የሚጠየቅበት የለውማ።

መልሰን ባጃጇ ጋ ስንደርስ ወረድኩ። ሁሴን ገመዱን አስረከበ። ዓሊ ጥቂት ካመነታ በኋላ፣

«አንተ ዘንድ እያለ ስሙ ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀው።

ሁሴን ወደ ባጃጇ ዞረ።

«ስም አልነበረውም» አለ። «ያንተው ይበቃዋል።»

ስምማ ነበረው። ጎረቤቱ አይደለሁ? ጎህ ሲቀድ ሊጭነው ሲያባብለው፣ «ሸጋው፣ ሸጋው» ሲል ስንት ዓመት ከእንቅልፌ ቀስቅሶኛል። ቢሆንም አላጋለጥኩትም።

ዓሊ ግመሉን ይዞ ወደ ዘንባባው አቀና። ሁሴን የባጃጇን መሪ እንደያዘ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ፣ ሁለቱም ከዓይናችን እስኪጠፉ አያቸው። ግመሉ አልዞረም። በስሙ ቢጠራው ይዞር ነበር። ያልጠራውም ለዚያ ይመስለኛል።